ማን ይበልጣል? አበበ፣ ምሩጽ፣ ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ቲቸር፣ ኃይሌና ቀነኒሳ በአንድ ዕድሜ ቢገናኙ ማን ያሸንፍ ነበር?»

ይሄን ጥያቄ አዲስ የመጣ ክፍል ሁሉ ይጠይቀኛል። ሜዳ ላይ ይጠይቁኛል፤ ገሰራ ገበያ መሃል ሽንኩርት ሳስመዝን ይጠይቁኛል። ተመርቆ የሄደው ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ ከሳዑዲ በሜሴንጀር ይጠይቀኛል። እኔም ብዙ ጊዜ «ሁለቱም ጀግኖች ናቸው» ብዬ አልፋለሁ። ይሄ የመምህር መልስ ነው። ክፍል ጸጥ ያሰኛል፣ ሰው ግን አያጠግብም። ዛሬ አጥጋቢውን ልሞክር። ምክንያትም አለኝ፤ ጥያቄው ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ዘንድሮ በአንድ ልጅ ላይ አይቻለሁ። ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ፣ በዚህ ነገር የምንጣላው እኛ ብቻ አይደለንም። ሮቤ ፀጉር ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ «መሐመድ አሊ ወይስ ታይሰን?» የሚለውን ክርክር ያውቀዋል። አሜሪካኖች አንድ ጊዜ ክርክሩን በኮምፒውተር ሊጨርሱት ሞክረው ነበር። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49ኙንም አሸንፎ፣ አንድም ሳይሸነፍ በ1956 ጓንቱን የሰቀለ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነው። አሊ ደግሞ በ1964 ሻምፒዮን ሆነ። በየዘመናቸው ነገሡ እንጂ ሪንግ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። በ1969 ሁለቱን ሰዎች ካሜራ ፊት አቁመው እንደ ተዋናይ እንዲቧቀሱ አደረጉና ውጤቱን ኮምፒውተር ወሰነ ተባለ። ፊልሙ በ1970 ሲታይ አሜሪካ ውስጥ ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር አሊን ጣለ። አውሮፓ የታየው ግን አሊ ያሸነፈበት ነው። ተመልከቱ እንግዲህ! ኮምፒውተሩም እንደ ፀጉር ቤቱ ሰው በየአገሩ የተለያየ መልስ ሰጠ።

የቦክስ ሰዎች ቢያንስ አንድ ነገር ይገባቸዋል፤ ቡጢ በሰዓት አይለካም። የኛ የሩጫ ወዳጆች ችግር ሰዓት አለን ብለን ማመናችን ነው። «ሰዓቱ ተጽፏል፣ ፈጣኑ ይበልጣል፣ አለቀ» እንላለን። እስቲ ይሄን ነገር እንፈትነው።

አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። በዚያን ቀን ከዚያ በፊት ምድር ላይ ማንም ሰው በዚህ ፍጥነት ማራቶን ሮጦ አያውቅም ነበር። ትዕግስት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች። ሁለቱን ሰዓት አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው ትዕግስት አበበን በ18 ሰከንድ ቀድማዋለች፤ በሜትር ሲሆን ወደ መቶ ሜትር ማለት ነው።

ታዲያ ምን እንበል? አበበ ትንሽ ነበር እንበል? ወይስ የትዕግስት ሰዓት የጫማ ነው እንበል? ሁለቱንም የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁለቱም አንዱን ጀግና ለማክበር ሌላውን ማውረድ አለባቸው። እኔ ግን ሰዓቱ ስለ ሰውየው ብቻ የሚናገር አይመስለኝም። ሰዓት ውስጥ ጫማው አለ፤ መንገዱ አለ፤ ምግቡና መጠጡ አለ፤ አሯሯጩ አለ፤ የከተማው ከፍታ አለ። ደሞዙም አለ፤ አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር።

ጫማውን እንውሰድ። አበበ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ይሄን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ከ2017 ገደማ ወዲህ ግን የማራቶን ጫማ ሌላ ነገር ሆነ። ሶሉ ወፍራምና ቀላል ነው፤ ሲረግጡት ይጨመቅና መልሶ ይገፋል፤ መሃሉ ላይ ደግሞ የካርቦን ዝርግ ተቀብሮበታል። እግር በየእርምጃው የሚያባክነውን ጉልበት ይቀንሳል። ከዚህ ጫማ በኋላ የዓለም ሰዓቶች በወንድም በሴትም ተደርምሰዋል።

ትራኩም እንደዚሁ ነው። እስከ 1964 ድረስ ኦሊምፒክ የሚሮጠው ከተፈጨ ጥቀርሻ በተሠራ መም ላይ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ይጨቀያል፣ እግር ይይዛል። ዛሬ የምናየው የላስቲክ መሮጫ ኦሊምፒክ ላይ የገባው በ1968 ሜክሲኮ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኃይሌና ቀነኒሳ እንምጣ። ኃይሌ በ1998 ሄንግሎ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ22.75 ሰከንድ ሮጠ። ቀነኒሳ በ2005 ብራስልስ ላይ 26 ደቂቃ ከ17.53 አደረገው። ልዩነቱ አምስት ሰከንድ ነው። በ2020 ደግሞ ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ቫሌንሲያ ላይ በ26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ቼፕቴጌ ሲሮጥ ከትራኩ ጠርዝ ላይ የተተከሉ መብራቶች በሚፈለገው ፍጥነት እየበሩ ይመሩት ነበር፤ እግሩ ላይም አዲሱ ጫማ ነበር። ቀነኒሳ አሯሯጮቹ ከወጡ በኋላ ጨለማ ውስጥ የሚሮጥ ያህል ነው፤ የሚቀጥለው ዙር ስንት ሰከንድ መሆን እንዳለበት የሚነግረው የራሱ ሰውነት ነው።

ስለ ኃይሌ ደግሞ አንድ ስሌት ልንገራችሁ፤ ይሄን ክፍል ውስጥ ስሠራው ልጆች አፋቸውን ይከፍታሉ። የ5,000 ሜትር ሪከርድ በ1987 ሞሮኳዊው ሰይድ አዊታ ያስመዘገበው 12 ደቂቃ ከ58.39 ነበር። ኃይሌ በ1994 ሰበረው። በ1998 እሱው ራሱ 12 ደቂቃ ከ39.36 አድርሶት ነበር። መሃል ላይ ኬንያውያን ነጥቀውታል፣ እሱም መልሶ ነጥቋል። በአራት ዓመት ውስጥ ሪከርዱ በ19 ሰከንድ ወረደ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2020 ድረስ፣ በቀነኒሳም በቼፕቴጌም በኩል አልፎ፣ በመብራቱም በጫማውም ተረድቶ፣ ስንት ወረደ? ወደ 12 ደቂቃ ከ35.36። በ22 ዓመት አራት ሰከንድ!

ስለዚህ በሰዓት ብቻ የሚፈርድ ሰው ኃይሌን ሦስተኛ ያደርገዋል። ሪከርዱን ከየት አንሥቶ የት እንዳደረሰው የሚያይ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል።

«እሺ ሰዓቱን ተወው፤ ፊት ለፊት ተገናኝተዋል አይደል?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ተገናኝተዋል። በ2003 ፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ስህን ሦስተኛ ወጡ። በ2004 አቴንስ ላይም ቀነኒሳ ወርቁን፣ ስለሺ ብሩን ሲወስዱ ኃይሌ በተጎዳ እግሩ ሮጦ አምስተኛ ሆነ። እነ ቀነኒሳ ወደ ኋላ እየዞሩ ኃይሌን ሲፈልጉት ያየን ሰዎች እስካሁን አንረሳውም። ግን በፓሪሱ ሩጫ ኃይሌ 30 ዓመቱ፣ ቀነኒሳ 21 ዓመቱ ነበር። አንዱ ዳገቱን እየወጣ፣ ሌላው ቁልቁለቱን እየወረደ መንገድ ላይ ተላለፉ።

ቦክስም ይሄን ያውቃል። ጆ ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ለ12 ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ ቀበቶውን 25 ጊዜ አስጠብቋል። ተመልሶ መጥቶ በ1951 ሲቧቀስ 37 ዓመቱ ነበር፤ ያው ማርሲያኖ በ8ኛው ዙር ዘረረው። ላሪ ሆልምስም በ1980 አሊን አሸንፏል፤ አሊ ያኔ 38 ዓመቱ ነው። በዚያ ምሽት ምክንያት «ሆልምስ ከአሊ ይበልጣል» የሚል ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ያረጀ አንበሳ ላይ የተገኘ ድል ዕድሜን ያሸነፈ ድል ነው።

ታዲያ በምን እንለካ?

የኔ መለኪያ ቀላል ናት። አንድን ሻምፒዮን የምለካው ከሱ ጋር አንድ መስመር ላይ በቆሙት ሰዎች ነው። አንድ ዝናብ የመታቸው፣ አንድ መንገድ የረገጡ፣ በአንድ ዘመን ጫማ የሮጡ ሰዎች። ከነሱ ምን ያህል ራቀ? ስንት ዓመት ራቀ? ከዚያ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ እንዳይሮጥ የተከለከለው ነገር አለ ወይ?

በዚህች መለኪያ አበበን ልዩ። ሮም ላይ ሞሮኳዊውን ራዲን የቀደመው በ25 ሰከንድ ነው፤ ሩጫው ትግል ነበር። ቶኪዮ ላይ ግን የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንት ብቻ ሆኖት ነበር፤ ሁለተኛውን በአራት ደቂቃ ቀደመ። አራት ደቂቃ! አበበ ሜዳው ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሌሎቹ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። ከሱ በፊት የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ አከታትሎ ያሸነፈ ሰው አልነበረም። የዛሬን ጫማ ስጡት፣ አትስጡት፣ በዘመኑ ከነበሩት ሰዎች የነበረው ርቀት አይለወጥም።

ምሩጽ ይፍጠር። ማርሽ ቀያሪው። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ነሐስ አገኘ፤ 5,000ውን ግን ማጣሪያው ስላመለጠው ሳይሮጥ ቀረ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ የአፍሪካ አገሮች፣ የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ አድመው ወጡ፤ ምሩጽም አብሮ ቀረ። በ1980 ሞስኮ ላይ በመጨረሻ ቆመና ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። «አሜሪካ ያልመጣችበት ኦሊምፒክ ነው» የሚሉ አሉ። ለነዚህ ሰዎች ሁለት ነገር እነግራቸዋለሁ። አንደኛ፣ በ1972 እና በ1976 በ5,000ም በ10,000ም ያሸነፈው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን ሞስኮ ነበር፤ በ10,000 አምስተኛ ወጣ። ሁለተኛ፣ በ1977 እና በ1979 የዓለም ዋንጫ ላይ ምሩጽ ሁለቱንም ርቀት ሁለቱንም ጊዜ አሸንፏል። ሞስኮ አዲስ ነገር አላመጣችም፤ የዘገየ ደሞዝ ከፈለችው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን በላይነህ ዴንሳሞ ነው። ከተማሪዎቼ ውስጥ ስሙን የሚያውቀው ከሃያ አንድ አይሆንም። በላይነህ በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ያዘ። ሰዓቱን ማንም ሳይነካው እስከ መስከረም 1998 ቆየ፤ ከአሥር ዓመት በላይ። በዚያው በ1988 የሶል ኦሊምፒክ ነበር። ኢትዮጵያ አልሄደችም። በ1984ም ሎስ አንጀለስ አልሄደችም። የሶሉን ማራቶን ጣሊያናዊው ጀሊንዶ ቦርዲን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ አሸነፈ። በላይነህ ቢሮጥ ያሸንፍ ነበር አልልም፤ ማራቶን ነው፣ ኦሊምፒክ ነው። የምለው፣ የምድር ፈጣኑ ሰው በጉልበቱ ጫፍ ላይ ሳለ ቤቱ ተቀመጠ ነው። ስለዚህ ሜዳሊያ ቆጥሮ «እገሌ ከእገሌ ይበልጣል» የሚል ሰው በላይነህን ዜሮ ብሎ ሊጽፈው ነው። አሊም በ1967 ቬትናም አልዘምትም ብሎ ቀበቶውን ተነጥቆ ከሦስት ዓመት በላይ ሳይቧቀስ ቆይቷል። እነዚያን ዓመታት የትኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ታስገቧቸዋላችሁ?

«ቲቸር፣ ሴቶቹስ?» ያለችኝ ተማሪ ነበረች፤ አሁን ሐኪም ሆናለች። ልክ ነበረች። በዚህ ክርክር ውስጥ የሴቶቹ ስም የሚመጣው ሰው ሲያስታውስ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት። ደራርቱን ከማን ጋር ታወዳድሯታላችሁ? ከፊቷ ሰው የለም። በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን እንደገና ወሰደች፣ በ2004 ነሐስ፣ በ2009 ደግሞ በ37 ዓመቷ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ጥሩነሽ፣ አልማዝ፣ ለተሰንበት፣ ጉዳፍ በሰዓት ሁሉም ቀድመዋታል። ግን ሁሉም የሮጡት ሰው ባለፈበት መንገድ ላይ ነው።

አሁን ፍርዴን ልስጥ፤ አለበለዚያ ኮሜንት ላይ ትበሉኛላችሁ።

ማራቶን ላይ አበበ። ከሁለተኛው የአራት ደቂቃ ርቀት ለኔ ከማንኛውም ሪከርድ ይበልጣል።

ትራክ ላይ ቀነኒሳ፤ ምክንያቴ ግን ሪከርዱ አይደለም። ምክንያቴ አገር አቋራጭ ነው። አገር አቋራጭ ላይ ሰዓት ዋጋ የለውም፤ ጭቃ ነው፣ ዳገት ነው፣ ሣር ነው፣ ሪከርድ የሚባል ነገር የለም። ያለው አብሮህ የተነሣው ሰው ብቻ ነው። ከቦክስ ጋር የሚመሳሰለው የሩጫ ዓይነት ይሄ ነው። ቀነኒሳ ከ2002 እስከ 2006 አጭሩንም ረጅሙንም በየዓመቱ አሸነፈ፤ በ2008 ጨመረና በግል 11 የዓለም ሻምፒዮንነት ሆነለት። በ2005 የሮጠው እጮኛው ዓለም ተጫለ ካረፈች ሦስት ወር ሳይሞላ ነው። በ2008 ኤዲንብራ ላይ ጫማው ወልቆ ቆሞ አጠለቀ፣ ከኋላ ተነሣ፣ አሸነፈ። ይሄን ሰው ወደ የትኛውም ዘመን ብትልኩት መነሻው መስመር ላይ ካቆማችሁት ይበቃዋል።

ኃይሌስ? ኃይሌ ሩጫውን አሰፋው። ከትራክ እስከ ማራቶን 27 ጊዜ የዓለምን ሰዓት አሻሽሏል። በ2000 ሲድኒ ላይ ከ25 ዙር በኋላ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ የተለያዩት በ12 መቶኛ ነበር። እስቲ አስቡት! በኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች «ይቻላል» የሚለውን ቃል የተማርነው ከሱ ነው። ስለዚህ ፍርዴን የማይቀበል ሰው ቢኖር አልጣላውም።

አሁን ወደ ልጁ።

አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለኝ፤ ስሙን አልጠራም። ቤቱ ከትምህርት ቤት ሩቅ ነው፤ እየሮጠ መጥቶ እየሮጠ ይመለሳል። ልምምድ የሚሠራው በላስቲክ ጫማ ነው፣ ኮንጎ በምንላት። ሜዳችን ሣር ነው፤ በገመድ ስለካው አንዱ ዙር 250 ሜትር ነው፣ ማለትም 5,000 ሜትር 20 ዙር ነው፣ ኩርባው ሁሉ ጠባብ ነው። እዚያ ላይ 16 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጠ። እኔ በደስታ ልፈነዳ ነበር።

በሳምንቱ ቀረ። በሁለተኛውም ሳምንት ቀረ። ጠርቼ ስጠይቀው ስልክ ላይ ያየውን ነገረኝ። «ቲቸር፣ ቼፕቴጌ በ12 ደቂቃ ከ35 ነው የሮጠው። አስልቼዋለሁ፤ በኛ ሜዳ አምስት ዙር ይደርበኛል። ምን ያደክመኛል?» ስሌቱ ትክክል ነው፣ ሒሳብ ጎበዝ ነው። በዚያ ላይ ሰፈሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው «አበበ በባዶ እግሩ ዓለምን ያሸነፈ፤ የናንተ ትውልድ ጫማ ተሰጥቶት ምን ሠራ?» ብለውታል። ልጁ በሁለት ድንጋይ መሃል ገባ። ካለፈው ዘመን ጀግና ይወረወርበታል፤ ከአሁኑ ዘመን ሰዓት ይወረወርበታል።

ያን ጊዜ ነው ጥያቄው ጨዋታ እንዳልሆነ የገባኝ። እኛ ትልልቆቹ ዘመንን ከዘመን እያወዳደርን ስንዝናና ልጆች ይሰማሉ። የሚሰሙት ደግሞ «አንተ አትደርስም» የሚለውን ነው።

ስለ ሜክሲኮ ነገርኩት። በ1968 የ10,000 ሜትር ሪከርድ 27 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ ነበር፤ የአውስትራሊያው ሮን ክላርክ ነው የያዘው። ሜክሲኮ ከተማ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ 29 ደቂቃ ከ27 ሮጦ አሸነፈ፤ የኛ ማሞ ወልዴ በ0.6 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣ። አሸናፊው ከሪከርዱ ወደ ሁለት ደቂቃ የሚጠጋ ዘግይቷል! የሪከርዱ ባለቤት ክላርክ ስድስተኛ ወጥቶ መጨረሻው መስመር ላይ ወደቀ፤ ኦክስጅን ሰጡት። ማሞ ማራቶኑን ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ አበበ ቶኪዮ ላይ ከሮጠው በስምንት ደቂቃ ይዘገያል። ሁለተኛውን ግን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞታል። የቼፕቴጌ 12:35 የተሮጠው ሞናኮ፣ ባሕር ዳርቻ ነው። ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ እኛም እዚሁ ደጋ ላይ ነን። ሣርን፣ ኮንጎን፣ ጠባብ ኩርባን፣ የአየሩን መሳሳት ደምረው፤ ያ 12:35 ካንተ ጋር አንድ መስመር ላይ አልቆመም አልኩት።

ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ። እዚህ ትምህርት ቤት ከመጣሁ ጀምሮ እዚያች ሜዳ ላይ የሮጠውን ልጅ ሁሉ ሰዓት እጽፋለሁ። ቀኑን፣ ሜዳው ደረቅ ነው ወይስ ጭቃ፣ ነፋስ ነበር ወይስ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። የሱ 16:50 ሦስተኛ ነው። ሁለቱ የበለጡት በጥር፣ መሬቱ ሲደርቅ የሮጡ ናቸው። እሱ የሮጠው ዝናብ ባደረ ማግስት ነው። ደብተሩን ወስዶ ብቻውን ለረጅም ጊዜ አገላበጠው።

ተመለሰ ወይ? በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ሌላውን ቀን ቤተሰብ ያግዛል፤ በአጨዳ ሰሞን ደግሞ ኮምባይነር ተከትሎ ጆንያ ይሸከማል። ሯጭ ይሁን አይሁን አላውቅም። ቢያንስ የሚያቆም ከሆነ በስልክ ቁጥር ተሸንፎ አያቆምም።

ከሮቤ ወደ አዲስ አበባ በአሰላ በኩል የሚሄድ ሰው ዲንሾን፣ አዳባን፣ ዶዶላን አልፎ በቆጂን ይረግጣል። ደራርቱ፣ ጥሩነሽ፣ ቀነኒሳ ከዚያ ናቸው። እነሱን መጀመሪያ ሜዳ ላይ ያያቸው አሰልጣኝ ሰንታየሁ እሸቱም እንደኔው የስፖርት መምህር ነበር። እሱ የትምህርት ቤት ልጆቹን የዓለም ሪከርድ አጠገብ አቁሞ ቢለካቸው ኖሮ ሁሉንም ወደ ቤታቸው ይመልሳቸው ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። የስፖርት መምህራን የሆናችሁ፣ ደብተር ያዙ፤ ከሰዓቱ ጎን ሜዳውንና ቀኑን ጻፉ። ወላጆች፣ ታላላቆች፣ አበበን ልጅ መገሠጫ አታድርጉት። እኛ ደግሞ መከራከራችንን እንቀጥል፤ ያምራል፣ እኔም አልተውም። ብቻ አጠገባችን የቆመ ልጅ ካለ ቃላችንን እንምረጥ።

እስቲ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለናንተ ማን ነው? ምክንያታችሁንም ጨምሩ። «ሰዓቱ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ግን ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ ምን ላይ እንደሮጠ፣ ምን እንደተጫማ ይጨምር። የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ደግሞ ደብተሩ ውስጥ አላችሁ። ሰዓታችሁን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ በሙሉ ተጽፏል፣ ጭቃውም ጭምር።